ከምስክር ላፕቶፕ የወጡ ፊቶች

ቄስ መልከ ጼዴቅ የእህታቸውን ልጅ የምስክርን ላፕቶፕ በጋቢያቸው ጠቅልለው ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የእሌኒ ፎቶ ኮፒ ቤት የገቡት ረፋድ ላይ ነበር። ውጊያው በዳባት በኩል ባለፈ ሰሞን፣ ቄሱ ከሰበካቸው ሰዎች ጋር ሆነው ማንነታቸው ያልታወቀ ሬሳዎችን ቀብረዋል፤ ምስክርም አፈር ከመልበሳቸው በፊት የእያንዳንዱን ፊት አንስቷል። አሁን እሱ ታሞ ጎንደር ተኝቷል። ሰው የጠፋባቸው ቤተሰቦች ደግሞ ፎቶዎቹ ታትመው እንዲያዩ ደጁ ላይ ቆመዋል።

እሌኒ እንዳለው የሚባል ወንድም አላት፤ እሱም ከዚያን ሰሞን ጀምሮ የለም። እናታቸው ሸጊቱ ግን ተማርኮ ነው፣ ይመጣል ብላ ለቅሶ ከልክላለች።

ላፕቶፑ ማክ የሚባለው ዓይነት ነው፣ የእሌኒ ኮምፒውተር ግን ዊንዶውስ፤ ሁለቱ በቀላሉ አይግባቡም። ፍላሽ ልትሰካ ብትል የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ሁለቱንም ከሱቋ ራውተር ጋር አገናኘቻቸው። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ እርስ በርስ ለመገናኘት ግን አያስፈልጋቸውም። የማኩን የኔትወርክ አድራሻ በዊንዶውሱ ላይ ጻፈች፣ ቄሱ የነገሯትንም የይለፍ ቃል አስገባች። አልተቀበላትም። ደጋግማ ሞከረች። ለካ ማኩ ፋይሎቹን ለዊንዶውስ እንዲያካፍል አልፈቀደችለትም ነበር። ስትፈቅድለት የፎቶዎቹ ፎልደር ተከፈተ፤ ፎቶዎቹም መምጣት ጀመሩ።

ላለማየት ወደ ማተሚያው ዞራ ወረቀት ሞላች። ቀና ስትል ወንድሟን እንዳለውን ስክሪኑ ላይ አየችው። በልጅነቱ በቅሎ የረገጠችው ቅንድቡ እንደተሰነጠቀ ነው። አፉ ውስጥ አፈር አለ።

ይቺን አንዷን ፎቶ ባጠፋትስ ብላ አሰበች። እናቷ መጠበቋን ትቀጥላለች፤ እሷም አብራ። እጇ ማውሱ ላይ ቆየ። ከደጅ አንዲት ሴት ሳለች። እሌኒ እጇን አነሳች፣ ፎቶዎቹ አልፈው ሲያልቁም ያንን ፊት ለቄሱ አሳየች።

«አባ፣ ይኼኛውን የት ቀበራችሁት?»

«ዳባት ካለው ወይራ ሥር ነው። ታውቂዋለሽ?»

«ወንድሜ ነው።»

ቄሱ ሱቁን እንዝጋው ቢሏት እንቢ አለች። ሰዎቹ ከሩቅ ነው የመጡት። ሁሉንም አተመች፣ የእንዳለውንም። አንዳንዱ ልጁን አግኝቶ እየጮኸ ወጣ፤ አንዳንዱ ምንም ሳያገኝ ወጣ።

ቤት ስትደርስ እናቷ በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«የሙታን ፎቶ መጣ አሉ» አለች ሸጊቱ። «የኛ የለበትም አይደል?»

እሌኒ ያተመችውን ፎቶ ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሸጊቱ ቀስ ብላ ተነሳችና ሻሿን ከራሷ ፈታች። ፎቶውን አሳዪኝ አላለችም።

በማግስቱ እናትና ልጅ ከቄሱ ጋር ወደ ዳባት ሄዱ። ወይራው ሥር ያለው የአፈር ክምር ብዙ ነው፤ የትኛው የእንዳለው እንደሆነ ቄሱም አያውቁም። ሬሳው በዝቶባቸው፣ እየፈሩም ስለነበር የቀበሩት፣ ምልክት አላኖሩም። ሸጊቱ ይህን ስትሰማ ከዳር ካለው ክምር አጠገብ ተንበረከከች። እሱን አልቅሳ ወደሚቀጥለው ሄደች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። እሌኒም ነጠላዋን ይዛላት ከኋላዋ ተከተለች።