ሻንሲውን ወደ ሞተሩ

ሌናርድ ካንጋስ ጋራዡ ውስጥ የቆመውን ሞተር ብስክሌት ሰው ከበር ላይ ሆኖ ሲያደንቅለት ደስ ይለው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ሲመረምረው ግን አይወድም። ከሩቅ ሲታይ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። የነዳጅ ጋኑ በአረንጓዴ ቀለም ያንጸባርቃል፤ ማርሚታው እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል፤ የመቀመጫው ቆዳ ስንጥቅ የለበትም። ጎንበስ ያለ ሰው ግን ወዲያው ጉዱን ያያል፦ በሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ ሞተሩ ሊቀመጥ በሚገባበት ቦታ፣ ባዶ አየር አለ። በዚያ ክፍተት አሾልቆ ከወዲያ ማዶ የተደረደረውን ማገዶ መቁጠር ይቻላል።

የዚያ ክፍተት ሞተር የጠፋ አልነበረም። ሐይቁን ታክኮ ወደ ሰሜን የሚሄደውን መንገድ ይዘው ጥቂት እንደነዱ፣ ከታናሽ ወንድሙ ከሮድኒ ቤት ይገኝ ነበር። ሌናርድ ይህን ያውቃል። ሮድኒም ሞተሩ የሚታሰርበት የብረት አጽም፣ ሻንሲው፣ የት እንዳለ ያውቃል። ሁለቱም ማወቃቸውን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተውም በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የመዳብ ማውጫው ሳይዘጋ፣ ሁለቱም ጎረምሶች ሳሉ፣ ከመጀመሪያ ደመወዛቸው አጠራቅመው ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት የጃፓን ሥሪት ገዙ፤ የሌናርድ አረንጓዴ፣ የሮድኒ ቀይ። አንዱ ሲበላሽ ከሌላው ፈትቶ መግጠም ልማዳቸው ሆነ። የቀዩ ካርቡራተር ወደ አረንጓዴው፣ የአረንጓዴው ካቴና ወደ ቀዩ ሲዘዋወር ኖሮ፣ በመጨረሻ አረንጓዴው ቀይ የጭቃ መከላከያ፣ ቀዩም አረንጓዴ የጎን ክዳን ለብሰው የመንደሩ መሳቂያ ሆኑ። ባለቤቶቻቸው ግን አላፈሩም። በአባታቸው ጎተራ ውስጥ «የእኔ» የሚባል መፍቻ፣ «ያንተ» የሚባል ብሎን አልነበረም። ወንድማማችነት ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ልጆች ከወለዱ በኋላ ግን አንድ ክፉ በጋ መጣ። ሮድኒ የወንድሙን አረንጓዴ ሊዋስ ሲል ዘይቱን ቀየረለት፤ የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን በጣቱ አስገብቶ በመፍቻ ማጥበቁን ግን ዘነጋ። ዘይቱ በመንገዱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ አለቀ፤ ፒስቶኖቹ ከሲሊንደራቸው ጋር ተጣብቀው ሞተሩ ለዘለዓለም ዝም አለ። በጋው ሳይወጣ ደግሞ ሌናርድ በተራው የወንድሙን ቀይ ሲነዳ ከአጋዘን ጋር ተላተመ። አጋዘኑ እያነከሰ ጫካ ገባ፤ የቀዩ ሻንሲ ግን እንደ ተጨመቀ ልብስ ተጠማዘዘ። እንግዲህ ሌናርድ ጤነኛ ሻንሲና የሞተ ሞተር፣ ሮድኒ ጤነኛ ሞተርና የተጣመመ ሻንሲ ይዘው ቀሩ። ከሁለት ጎደሎ አንድ ሙሉ እንደሚወጣ ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ያጣላቸው የሚገጠምበት ቦታ ነው። ሌናርድ «ሞተሩን አምጣው» አለ። ሮድኒም «ሻንሲውን አምጣው» አለ። ያጠፋ ወደ ተበዳዩ ይምጣ ማለታቸው ነበር፤ ሁለቱም አጥፍተው ሁለቱም ተበድለው ሳለ፣ እያንዳንዱ የቆጠረው የሌላውን ጥፋት ብቻ ሆነ። ያች «አምጣው» የምትባል ቃል በመካከላቸው እንደ አጥር ቆመች።

ጠባቸው ጩኸት አልነበረውም። የፊንላንድ ስደተኞች የልጅ ልጆች በሚኖሩበት በዚያ የሚሺጋን ሰሜናዊ ዳርቻ ዝም ማለት ነውር ስላልሆነ፣ ሁለት ወንድማማቾች ሆድና ጀርባ መሆናቸውን ብዙ ሰው ልብ አላለም። በቤተ ክርስቲያን በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። የአባታቸውን ሬሳ ሣጥን በአንድ በኩል ተሸክመዋል። በብሎን መሸጫው ሱቅ ሲገናኙ አንዱ «በረዶው ጣለ» ይላል፤ ሌላው «ጣለ» ይላል፤ ይለያያሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው፣ የሚታየው ሰላም ከሰው ፊት ያልፋል እንጂ ከራስ ኅሊና ፊት አያልፍም።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ በደረቀበት ሰሞን የሌናርድ ሚስት አይሊ ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች። ሮድኒ ቤቱን ሸጧል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ስለከበደው ከተማ ወርዶ ከሴት ልጁ ጋር ሊኖር ነው። ሰኞ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መጥቶ ጎተራውንም ግቢውንም ጠርጎ ይጭናል። ሌናርድ ካንዴላ በጨርቅ እየወለወለ አዳመጣትና፣ የወንድሙ ስም በተነሣ ቁጥር የሚሰጠውን የተለመደ መልሱን ሰጠ፦

«ሞተሩን ያምጣው እንግዲህ።»

«በምኑ ያምጣው? ትከሻውን ክረምት ላይ ቀደውት የለ፤ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይወጣም። ይህንንም አታውቅም?»

አያውቅም ነበር። ይህ አለማወቁ ከወሬው ሁሉ ይልቅ አሳፈረው፤ ኀፍረት ግን ትዕቢተኛን ሰው ሁልጊዜ ወደ ቀናው መንገድ አይመራውም። ሌናርድ ወደ ወንድሙ በመሄድ ፈንታ ወደ ጎረቤቱ ግዛት፣ ወደ ዊስኮንሲን፣ ስልክ ደወለ። አንድ ሰው ያንኑ ዓይነት ሞተር ሊሸጥ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበርና፣ በፒክአፑ ሄዶ ገዝቶ በክሪክና በሰንሰለት እየታገለ ጋራዡ አስገባው። ዓይን እስኪያታልል ድረስ አንድ ነው፤ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ፣ ክዳኑ፣ የፊት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ልክ ናቸው። ወደ ሻንሲው ሲያስጠጋው ግን የኋለኛው ቀዳዳ፣ ሞተሩ በብሎን ከሚታሰርበት ከሻንሲው ጆሮ በጣት ስፋት ርቆ ቆመ። ፋብሪካው በማግስቱ ዓመት ቦታውን ቀይሮት ኖሯል። የሌላ ሰው ወንድም እንደራስ ወንድም አይገጥምም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አይሊ በሥጋና በድንች የተሞላ ትኩስ ፓስቲ በሳሕን ይዛ ስትገባ፣ ሌናርድ ሻንሲውን ገልብጦ የብረት መጋዝ በኋለኛው ጆሮ ላይ አሳርፎ አገኘችው። ሊቆርጠውና ሌላ ጆሮ ሊበይድበት ነበር። ሳሕኑን በጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ባሏ ቀና ባይልም ለጊዜው አልሄደችም።

«ይህን ከቆረጥከው የሮድኒ ሞተር አይገባበትም፣ አይደል?»

«አይገባም።»

«እንግዲያው ቁረጠው» አለች ረጋ ብላ። «ቢያንስ ነገሩ ይለይለታል። እኔም ከዚህ በኋላ ስለ ወንድምህ አልነግርህም።»

ወጣች። ሌናርድ መጋዙን አንድ ጊዜ ሳበው። ጥርሱ ቀለሙን ገልጦ ብረቱ ላይ ነጭ መሥመር አሰመረ። ለሁለተኛው ክንዱ እምቢ አለው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እልሁን እንደ ትዕግሥት ቆጥሮት ኖሯል፤ እጠብቀዋለሁ፣ ይመጣል፣ እኔ ቦታውን አዘጋጅቼለታለሁ እያለ ራሱን ሲያጽናና ከርሟል። አሁን ግን የሚቆርጠው ያንኑ ያዘጋጀውን ቦታ እንደሆነ ተገለጠለት። ሮድኒ ቢመጣም የሚገባበት አይኖርም። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚሉት ውሸት አይደለም፤ ምላጩ ከጉሮሮ ሳይወርድ የተፋው ግን ዕድለኛ ነው።

መጋዙን ሰቀለ። ሻንሲውን አቃንቶ በሳንቃ ላይ እየገፋ ፒክአፑ ላይ ጫነው። ፓስቲውን ሳይቀምሰው ሄደ።

ሮድኒ ከጎተራው ያወጣቸውን ዕቃዎች በግቢው ሣር ላይ እየከመረ ነበር። የተጣመመው የቀዩ ሻንሲ በአጥሩ ጥግ ቆሞ ያለፈው ዓመት የአተር ሐረግ ደርቆበታል። ወንድሙን ሲያይ አልደነገጠም፤ ወይም ድንጋጤውን አላሳየም።

«በረዶው አለቀ» አለ።

«አለቀ።» ሌናርድ የፒክአፑን የኋላ በር አወረደ። ያዘጋጀው ሌላ ንግግር ሁሉ በመንገድ ላይ በኖ ጠፍቶበት ነበር። «አምጣው ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«ይኸው አመጣሁት።»

ሮድኒ ቀረብ ብሎ ሻንሲውን አየ። አገጩን በጤነኛው እጁ አሸ።

«ቆየህ እኮ።»

«መንገድ ላይ አጋዘን አጋጠመኝ።»

ከዚያ የሮድኒ ትከሻ፣ ያ የታመመው፣ መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ሌናርድ የሚያለቅስ መስሎት ፈራ። እየሳቀ ነበር። «ዛሬስ አጋዘኑ ተረፈ?» ብሎ መለሰለትና ተከተለኝ ሲል እጁን አወዛወዘ።

የወሰደው ወደ ጎተራው ሳይሆን ወደ ሳውናው፣ ወደዚያ የቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ ነበር። ልብስ በሚወለቅበት ደረቅ ክፍል፣ ከአግዳሚው ሥር፣ በአሮጌ ፎጣ የተሸፈነ ነገር አለ። ሮድኒ ፎጣውን ገፈፈ። ሞተሩ ቀዳዳው ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ተወትፎ፣ ዝገት ሳይነካው ተቀምጧል። ሌናርድ በርከክ ብሎ በጎኑ ካለው ዳዶ ላይ መፍቻ አስገባና፣ ተጣብቆ ይሆናል ብሎ እየሠጋ በቀስታ ገፋው። ሞተሩ እንደ ቅቤ ላላ ብሎ ዞረ።

«ማን አዞረው?»

«በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አደርግለታለሁ፣ አዞረዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ።» ሮድኒ ፎጣውን እያጠፈ ወደ ሌላ ተመለከተ። «ሳውናው እስኪግል ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ሌናርድ በዚያ ዘመን ሁሉ ሻንሲውን ለሰው ዓይን ሲወለውል፣ ወንድሙ ሰው በማያይበት ክፍል ሞተሩን በሕይወት አቆይቶታል። ይህን አመዛዘነና በሚዛኑ ላይ ራሱን ቀልሎ አገኘው።

ሞተሩን በሳንቃ ላይ አንሸራተው ወደ ግቢው አወጡት፤ ጎማዎቹንና የነዳጅ ጋኑን ከሻንሲው አወረዱ። ሮድኒ የኋለኛውን የጭቃ መከላከያ ሲያየው ቆየና ጠርዙን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ከአረንጓዴው ሥር ቀይ ወጣ።

«ይኼ የእኔ ነበር።»

«አዎ፣ የአንተ ነው። ቀባሁበት» አለ ሌናርድ። «አበላሸሁት።»

ሮድኒ ጥፍሩ ላይ የቀረውን ቀለም እፍ ብሎ አራገፈ፤ ከዚያ ወዲያ የማንም ስም በምንም ዕቃ ላይ አልተጠራም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከባድ ነበር። የሌናርድ ወገብ ደካማ፣ የሮድኒ ክንድ ግማሽ፣ ሞተሩ የአንድ ጎረምሳ ክብደት ነው። ሌናርድ ክሪኩን ለማምጣት ሲነሣ ሮድኒ አስቀረው። አሮጌ ምንጣፍ ዘረጋ፤ ሞተሩን በጎኑ አስተኛው። «ሞተሩን ለምን ታነሣዋለህ? ይተኛ። ሻንሲውን አምጥተህ አልብሰው፤ እንደ ሸሚዝ።» እውነትም ባዶው ሻንሲ ሁለት ሽማግሌዎች በቀላሉ የሚያነሡት ሆኖ ተገኘ። ከላይ አውርደው፣ ግራ ቀኝ እያወዛወዙ፣ በተኛው ሞተር ላይ አለበሱት።

ብሎን ማስገባት ላይ ሲደርሱ ሌናርድ እንደ ወጣትነቱ የመጀመሪያውን ወዲያው ማጥበቅ ጀመረ። ሮድኒ መፍቻውን በመዳፉ ሸፈነበት።

«ተው እንጂ፣ አንተ ደረቅ። የመጨረሻው ሳይገባ የመጀመሪያው አይጠብቅም። አባባ ይህን ሲነግርህ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።»

«እኔ አልሰማሁትም» አለ ሌናርድ፤ ያጠበቀውን ግን መልሶ አላላው። ሁሉም በላላበት፣ ሻንሲውን ትንሽ ነቅነቅ ሲያደርጉት፣ የኋለኛው ረጅም ብሎን መጋዙ በጫረው ጆሮ በኩል ገብቶ በወዲያኛው ወገን ብቅ አለ። ለማጥበቅ አስቀድሞ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ቋንቋችን ራሱ ይነግረናል፤ የምንሰማው ግን ዘግይተን ነው።

ሞተር ብስክሌቱን አቁመው፣ ጎማውንና ካቴናውን መልሰው ሲጨርሱ የዘይቱ ተራ ደረሰ። ሮድኒ የማፍሰሻውን ብሎን በጣቱ አስገባ፤ መፍቻ አንሥቶ አጠበቀ፤ ቆም ብሎ እንደገና ሞከረው። ከዚያም መፍቻውን ወደ ወንድሙ ዘረጋ።

«አንተም ሞክረው።»

ይህች ቃል ምን ያህል ዘመን እንደዘገየች ሌናርድ አላጣውም። መፍቻውን ተቀበለና ወደ ብሎኑ ሳያስጠጋ በሣሩ ላይ አኖረው።

«ጠብቋል» አለ።

ማስነሻውን የረገጠው ሌናርድ ነው። ሞተሩ ሳለ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ሳለ፤ ለሦስተኛው ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ተነሣ፤ ድምፁ መጀመሪያ እየተደናቀፈ፣ ቀጥሎ እየሞላ፣ በጥድ ጫካው ላይ ተሰማ። ሁለቱም ቆመው አዳመጡ። ሮድኒ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ የልጁ ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ ጋራዥ የለውም አለው። ሌናርድ ያችን ዕድሜ ልኩን ያላላትን ቃል ያኔ አላት፦

«ቅዳሜ ቅዳሜ ላምጣልህ?»

«አታምጣው።»

የሌናርድ ፊት ወደቀ። ሮድኒ አየውና ቸኮለ፦ «ሳውናህ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እኔ እመጣለኋ። በአንድ ክንዴ ፎቅ ላይ ልሰቅለው ነው እንዴ የምታስበው?»

ደግሞም እስከ ቅዳሜ መጠበቅ አላስፈለገም፤ አንዱ ሞተር ብስክሌቱን ከነዳ ፒክአፑን የሚመልስ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሌናርድ ከፊት፣ ሮድኒ እንደ ሙሽራ አጃቢ ከኋላው ሆነው የሐይቁን ዳር ይዘው ወረዱ። ሌናርድ በመስተዋቱ ሲያይ ፒክአፑ ከሚገባው በላይ በዝግታ ይከተለዋል፤ የሮድኒ ራስ ከመሪው በላይ ተንጠራርቶ አስፋልቱን ይመረምራል።

ከቤቱ በር ሲደርሱ አይሊ ድምፁን ሰምታ ወጥታ ነበር። ሮድኒ ከፒክአፑ ወርዶ፣ ገና ሰላም ሳይላት፣ ወደ ወንድሙ ሄደ።

«መንገዱን ሁሉ እያየሁ መጣሁ» አለ። «የዘይት ጠብታ የለም።»

«ነግሬህ የለ» አለ ሌናርድ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ አይሊም ፓስቲውን ልታሞቅ ተመልሳ ገባች።