ቦታዋ ያልታወቀ ክራሱላ

አደይ ኣብርሀት በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ ከትግራይ መጥተው አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ በወንድማቸው ልጅ በገብረእዝጊ ቤት አረፉ። ይዘው የመጡት አንድ ጥቅልል ልብስና በወተት ጣሳ የተተከለች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ተክል ነበር።

“ለጆሮ ሕመም ናት” አሉ፣ መስኮቱ ላይ እያስቀመጧት።

ገብረእዝጊ የደረቁ ዕፅዋት በሚጠበቁበት መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ተክሏን አገላብጦ አያት። ቅጠሎቿ ወፋፍራም፣ ውኃ ያዘሉ፣ ጫፋቸው ቀላ ያለ ነው። ከሚያውቃቸው ከአንዱም ጋር አልገጠመችለትም። ወገኗን ለመለየት አበባዋን ማየት ስለነበረበት ጠበቀ።

በጥቅምት አበበች፤ ነጭ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች አበባ። በአጉሊ መነጽር ቆጠረ። አምስት የአበባ ቅጠል፣ አምስት ወንዴ ክር። ክሮቹ አሥር ቢሆኑ ሴደም ከሚባለው ወገን ይመድባት ነበር፤ አምስት ናቸውና ወገኗ ክራሱላ ነው። ዝርያዋ ግን በመሥሪያ ቤቱ የዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ የለም።

አንድ ቅርንጫፍ አድርቆ ወረቀት ላይ ለጠፈና ለአለቃው ለዶክተር ገረመው አሳያቸው።

“አዲስ ሳትሆን አትቀርም” አሉ። “ውጭ አገር ላለ ባለሙያ እንላካት። የት ነው የተለቀመችው?”

“አክስቴን ልጠይቅ።”

ምሳ ላይ ጠየቃቸው።

“ከመንደራችን በላይ ካለው ገደል” አሉ።

ችግሩ እሱ ነበር። መንደሩ መንግሥትን በሚወጉት አማፅያን እጅ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። አደይ ኣብርሀት ከዚያ መምጣታቸው ቢታወቅ እስር ይጠብቃቸዋል፤ ቀበሌም የተመዘገቡት ከመቀሌ ከተማ መጡ ተብሎ ነው።

“መቀሌ ብለህ ጻፋ፤ ምን ቸገረህ?”

“መቀሌ ላይ አትበቅልማ፣ አክስቴ። ነገ አንዱ ሄዶ ቢፈልጋት አያገኛትም።”

“እንግዲያው እኔን አስይዘኝ!” አሉና ሳህናቸውን ገፋ አደረጉት።

ሦስት ቀን አሰበበት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለአንድም ተክል የሐሰት ቦታ ጽፎ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ወረቀቱ ላይ “ቦታው ያልታወቀ” ብሎ ሞላ።

“ያልታወቀ?” አሉ ዶክተር ገረመው። “አክስትህ ቤትህ አይደሉ እንዴ?”

ገብረእዝጊ ወደ ተከፈተው በር ዞር ብሎ አየ። ዶክተሩ ተነሥተው ዘጉት።

“ገባኝ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እንዳለ ይሂድ።”

መልሱ ከአምስት ወር በኋላ መጣ። ባለሙያው ተክሏ ከሌሎቹ እንደምትለይ፣ ነገር ግን የበቀለችበት ቦታ ሳይታወቅ በአዲስ ዝርያነት ሊያሳውቃት እንደማይችል ጽፏል። ገብረእዝጊ ደብዳቤውን ከወረቀቷ ጋር አያይዞ፣ ዝርያቸው ያልተለየ ክራሱላዎች ካሉበት አቃፊ ውስጥ ከተተው።

“ማን ተባለች?” ብለው ጠየቁት አደይ ኣብርሀት።

“ክራሱላ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ የለም።”

“ይበቃታል” አሉና ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደ ሾላ ገበያ ወጡ።