የኩልሚዬ ዳሽቦርድ

ኑሀሚን ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን ላፕቶፗን ከግድግዳው ስክሪን ጋር አገናኝታ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ለፕሮሞሽን የት እንደምንወጣ የሚወስነው ዳሽቦርዱ ነው» አለችን።

ሹፌራችን ኩልሚዬ እጁን አወጣ። «አቦ፣ ጥሩ ነው። ግን የነዳጁ ጌጅ መሥራት ካቆመ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ እሱን አሠሩልኝ።»

መቀለዱ አልነበረም። ለኩልሚዬ ዳሽቦርድ ማለት ከመኪናው የፊት መስታወት ሥር ያለው፣ መነጽሩን የሚያስቀምጥበትና ወረቀት የሚለጥፍበት ቦታ ነው። እኔን ሳቅ አመለጠኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሀብተ ማርያም ጉሮሮውን እየጠራረገ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጅቷ ቀላች፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የቆሙት ባለ ቀለም ዘንጎችም ዳሽቦርድ እንደሚባሉ በትዕግሥት አስረዳችው። እሱም «ሀዬ» ብሎ ተቀመጠ፤ እሺ ማለቱ ነው፣ ማመኑ ግን አይደለም።

እኔ ይርገዱ እባላለሁ። የ«ፍልቅልቅ» ዱቄት ሳሙና አጣቢ ነኝ። አደባባይ ላይ ሳፋዬን ዘርግቼ፣ ሞንታርቦው እየጮኸ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነጭ ሸሚዝ ላይ ቀይ ወጥ እደፋለሁ፤ ከዚያ አጥቤ፣ ጨምቄ፣ ከፍ አድርጌ አሳያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሸሚዙ አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። በየወሩ በአዲስ እንደሚቀየር ግን ለደንበኛ አንናገርም።

በስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ዘንግ አንድ የድሬዳዋ ሰፈር ነበር። የሳቢያን ዘንግ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ የመልካ ጀብዱ ከመሬት ቀና አላለም። ባለፈው ዓመት ሳቢያን ሠላሳ አንድ ጊዜ ወጥተናል፣ መልካ ጀብዱ አራት ጊዜ።

«ሳቢያን ለምን በዛ?» ብላ ጠየቀችን።

«የሳቢያን ሰው ንጽሕና ይወዳል» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ቤቴ እዚያ ስለሆነ ነው፤ ፕሮሞሽኑ ሲያልቅ በእግሬ እገባለሁ። ልጆቼ አግብተው ወጥተው ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ምሽት ላይ ታክሲ መጋፋት አልወድም።

«እትዬ ይርገዱ፣ እርስዎ የሚሉት ግምት ነው። ከእንግዲህ በግምት አንሠራም» አለችኝ።

ሁለት ነገር አናደደኝ። አንዱ «ግምት» ማለቷ ነው። ሌላው «እርስዎ» ማለቷ። ድሬ ላይ ሥራ አስኪያጁንም «አንተ» ነው የምንለው፤ «እርስዎ» ሲሉኝ ወንበር ሊያመጡልኝ የተነሡ ይመስለኛል። «የኔ ልጅ፣ አንቺ በይኝ» አልኳት።

«እሺ እትዬ፣ እንዳሉት» አለችኝ።

ሀብተ ማርያም ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር ተናገረ። ልጅቷ ከአዲስ አበባ የመጣችው በስልሳ የሥራ ቀን ሙከራ ነው። በስልሳው ቀን ውስጥ ወደ ፕሮሞሽናችን የሚመጣው ሰው ቁጥር ከፍ ካለ ቋሚ ትሆናለች፤ ካላለ ትመለሳለች። ይህን ፊታችን መናገሩ ደስ አላለኝም፤ እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማችው።

በሁለት ሳምንቱ ካላንደሩ ወጣ። አራት ቀለም ያለው፣ የሚያምር ነገር ነው። ከየሱቁ የሰበሰበችውን የሳሙና ሽያጭ በቀን በቀን አድርጋ በመስመር ሥላዋለች። መስመሩ መልካ ጀብዱ ላይ ማክሰኞ ሲደርስ ይወርዳል። ገንደ ቆሬ ሐሙስ ይወርዳል። ሳቢያን ቅዳሜ ይወርዳል። በነዚያ ቀናት ሳሙና የሚገዛ የለም ማለት ይቻላል።

«የእኛ ሥራ እነዚህን ጉድጓዶች መሙላት ነው» አለች፣ በጣቷ እያሳየች። «ፕሮሞሽኑን ሽያጩ ከሚወርድበት ቀን ላይ እናደርገዋለን። ለሦስቱም ሰፈር እኩል። ያኔ መስመሩ ይስተካከላል።»

እኔና ኩልሚዬ የካላንደሩን ቅጂ ይዘን መኪና ውስጥ ገባን። እሱ ካላንደሩን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ የራሱን ዳሽቦርድ አየ። እዚያ፣ ከመነጽሩ አጠገብ፣ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ በእጁ ጽሕፈት «ውሃ» ይላል፣ ከሥሩ ሦስት መስመር፦ ማክሰኞ እናቴ፣ ሐሙስ ዴቃ፣ ቅዳሜ የዴቃ እህት።

«ናያ ይርገዱ፣ አየሽው?» አለኝ፤ «ናያ» አንቺ ማለቱ ነው።

አየሁት። እናቱ መልካ ጀብዱ ናቸው፣ ሚስቱ ዴቃ ገንደ ቆሬ፣ እህቷ ሳቢያን። ውሃችን በፈረቃ ነው፤ ለየሰፈሩ በሳምንት አንድ ቀን። በፈረቃው ቀን ቤት ያለ ሰው ሁሉ ከጄሪካኑና ከበርሜሉ ጋር ነው፤ የሳምንት ልብስ የሚታጠበውም ያን ዕለት ነው። ሳሙናው የሚገዛው ደግሞ በዋዜማው። ስለዚህ ውሃ በሚመጣበት ቀን ሱቅ የሚሄድ የለም፣ አደባባይ ወጥቶ የኔን ሸሚዝ የሚያይማ ጭራሽ የለም። የኑሀሚን ጉድጓዶች የውሃ ቀናት ነበሩ፣ ሦስቱም።

አዲስ አበባም ፈረቃ አለ ትሉ ይሆናል። አለ። ኑሀሚን ግን የተከራየችው ከዚራ ሰፈር፣ ጣሪያው ላይ ትልቅ ሮቶ ያለበት ግቢ ነው፤ አዲስ አበባ ያደገችበትም ቤት እንደዚያው ነው አሉ። ቧንቧዋን ስትከፍት ሁልጊዜ ይወርድላታል። ሮቶ ያለው ሰው ቀን አይቆጥርም።

«እንንገራት?» አለኝ ኩልሚዬ።

«አልጠየቀችንማ!» አልኩት። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ መልካ ጀብዱ ሳፋዬን ዘረጋሁ። ሞንታርቦው ጮኸ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌርና ሦስት ፍየሎች መጡ። ኑሀሚን ቢሮ ሆና ስክሪኗን ነው የምትጠብቀው፤ የመጣውን ሰው ቁጥር ኩልሚዬ በስልኩ ይልክላታል። «አምስት» ብሎ ላከ። «እኔንና አንቺን ቆጥሬ ነው፣ ለልጅቷ አዝኜላት» አለኝ። ሐሙስ ገንደ ቆሬ፣ ባልዲ ያንጠለጠለች የማውቃት ሴት እየሮጠች አለፈችና፣ «አንቺ ይርገዱ! ውሃ መጥቶ አደባባይ ምን ትሠሪያለሽ? አብደሻል እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። ቅዳሜ ሳቢያን ደግሞ የገዛ ጎረቤቶቼ እንኳ አልወጡም። እኔም አንድ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነበር፤ የራሴ በርሜል እየጠበቀኝ።

እንዲህ አራት ሳምንት ሆነን። ስክሪኑ ላይ ዘንጎቹ እኩል ሆኑ፤ ሦስቱም መሬት ለመሬት። ኩልሚዬ «ሚዛኑ ተስተካከለ» እያለ ይቀልዳል። እኔም መጀመሪያ ላይ ሳቅሁ።

በአርባ አራተኛው ቀን ግን ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ስገባ፣ ሀብተ ማርያም ከእሷ ጠረጴዛ ሲመለስ አገኘሁት። «በዚህ ቁጥርማ ልፈርምላት አልችልም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። እሷ ምሳዋን ሳትነካ ካላንደሩን ቀለም ትቀይራለች።

«እትዬ ይርገዱ» አለችኝ፣ «ምናልባት የፖስተሩ ቀለም ይሆን? ሰማያዊ ባደርገውስ? ሰማያዊ ውሃን ያስታውሳል ይባላል።»

አሳፈረኝ። እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን አሁን ብነግራት አራት ሳምንት ሙሉ እያወቅሁ ዝም ማለቴን አብሬ መንገሬ ነው። በልጄ ዕድሜ ያለች ልጅ ምሳዋን ትታ ስትጨነቅ ቆሜ የሳቅሁ ሴትዮ መሆኔን ለመናገር ድፍረት አጣሁ። «ሰማያዊ ጥሩ ነው» ብያት ወጣሁ። ደጅ ደርሼ ግን ተመለስኩ።

«ነገ ከእኛ ጋር ነይ» አልኳት። «ጋቢና ትቀመጫለሽ። እኔ ከኋላ፣ ከሳሙናው ጋር።»

በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ኩልሚዬ ነገሩ ገብቶታል፤ መነጽሩን ወረቀቱ እንዳይሸፈን ገለል አድርጎ አስቀምጦታል። ኑሀሚን ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ገና ከግቢ ሳንወጣ ወረቀቱን አየችው።

«ይሄ ምንድነው? ዴቃ ማናት?»

«ባለቤቴ ናት። ትእዛዟ ነው። ውሃ የሚመጣበት ቀን» አላት። «አንዱ ጋ ካልመጣ ከሌላው ጋ ጭኜ አመላልሳለሁ፣ ወላሂ ወገቤ አለቀ።»

«ዴቃ የት ነው ያለችው?»

«ገንደ ቆሬ።»

«እናትህስ?»

«መልካ ጀብዱ።»

ላፕቶፑን ከፈተች። መስመሮቹን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና መስመሮቹን። ከዚያ ወረቀቱን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ይሄ እዚህ ከተለጠፈ ስንት ጊዜው ነው?» አለች።

ኩልሚዬ ቀልድ እንጂ ውሸት አያውቅም። «ሰባት ዓመት። ቀኑ ሲቀየር ወረቀቱን እቀይረዋለሁ።»

ኑሀሚን ወደ ኋላ ዞራ እኔን አየችኝ። «እና ለምን አልነገሩኝም እትዬ?»

«አልጠየቅሽኝማ» አልኳት። ያን ቀን እስኪያመን ያሳቀን ቃል ነው። ሳወጣው አንገቴን ደፋሁ፤ «ጥፋቱ የኔ ነው የኔ ልጅ» ማለትም ጨመርኩ። እሷ ወደ ፊት ዞራ መጻፍ ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ካላንደሩ ተገለበጠ። ሰኞ መልካ ጀብዱ፣ ረቡዕ ገንደ ቆሬ፣ ዓርብ ሳቢያን፣ ሁሉም በውሃው ዋዜማ። ሰኞ ዕለት ሳፋዬን ሳልዘረጋ ሰው ከበበኝ። ልብሱ በየቤቱ ተከምሯል፣ ሳሙና መግዛታቸው አይቀርም፤ ከኔ ገዙ። አንዷ የባሏን ግሪስ የነካው ቱታ ይዛ መጥታ «ሸሚዝሽን ተይውና ይሄን እጠቢልኝ» አለችኝ። አጠብኩላት፤ ወገቤ እስኪቆረጥ። ኩልሚዬ ቁጥሩን ሲልክ ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ኑሀሚን መልሳ ደወለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሀብተ ማርያም ስክሪኑ ፊት ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። «ቀኖቹን ከየት አገኘሻቸው?» አላት።

«ከዳሽቦርዱ» አለችው።

ኩልሚዬ ሳል ያዘው። አራት ሳምንት ያፈንነውን ነገር ብትነግረው መብቷ ነበር። አልነገረችውም። በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ፈረመላት። ተንፈስ ያልኩት ያኔ ነው፣ ለራሴ ልጅ እንደተፈረመ ያህል ደስ አለኝ።

የሚቀጥለው ወር ካላንደር ሲወጣ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ያለችው ሁርሶ ተጨመረች፤ ቅዳሜ፣ የሙሉ ቀን ፕሮሞሽን። ከስሜ አጠገብ «ዋና አጣቢ» የሚል ተጽፏል። ማዕረጉን አሥር ጊዜ አነበብኩት፤ ቀኑን አንድ ጊዜም ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁርሶ ደርሰን ሳፋውን ከመኪናው ሳወርድ፣ የሰው ጄሪካን አየሁና ክው አልኩ። ቅዳሜ! ሳቢያን ውሃ ነው! ሁለት በርሜል ባዶውን ቆሟል፣ ቤት ሰው የለም፣ ቁልፉ ጎረቤት ነው፣ እኔ የምመለሰው ማታ። ሳምንቱን በምን ልኖር ነው? ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።

«ኑሀሚን! ቅዳሜ የሳቢያን ውሃ እንደሆነ ረሳሽው እንዴ?»

«ኧረ እንዴት እረሳለሁ? ዳሽቦርዱ ላይ አለ» አለችኝ። ከድምፅዋ ኋላ የሆነ ነገር ይንሿሿል።

«ምንድነው የሚንሿሿው? የት ነሽ?»

«ግቢሽ ውስጥ ነኛ። ቁልፉን ከጎረቤትሽ ተቀብዬ። አንዱ በርሜል ሞልቷል፣ ሁለተኛው ግማሽ ደርሷል። ጫማዬ በሰበሰ እንጂ ሌላው ደህና ነው።»

ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ኩልሚዬ እንዳያየኝ ዞርኩ።

«እና አንቺ ልጅ፣ እንደዚህ ከምታስደነግጪኝ ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«አልጠየቅሽኝማ!» አለችኝ።