ለአበል የማይበቃ ርቀት

ባለቤቴ ኤርሚያስ የደን ቴክኒሻን ነው። ሌላ ክልል ተመድቦ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። አብረውት የተመረቁት ጅማና መቱ ደርሷቸው መስክ እየወጡ ያድራሉ፤ ባደሩ ቁጥር አበል ይታሰብላቸዋል፤ ደመወዛቸውን ሳይነኩ በአበሉ ይኖራሉ። የእኛዋ ሐረሪ ግን መዳፍ ታክላለች። ኤርሚያስ ጠዋት ከከተማ ሶፊ ገጠር ወጥቶ፣ የተከለለውን ተራራ ሲዞር ውሎ፣ እግሩ አብጦ ማታ ቤቱ ይገባል። ቤቱ ካደረ ደግሞ አበል የለም፤ ደንቡ ነው። ምን ያድርግ፣ ዋሻ ገብቶ አይተኛ!

ደመወዙ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት ጊደር መጋላ ገበያ ስደርስ ያልቃል። ጤፍ ሲወደድ ወደ ማሽላ ወረድን። ይሁን፣ እኛ አዋቂዎቹ እንችለዋለን። ልጃችን ብሌን ግን ገና ዓመቷ ነው። ጡቴ ቶሎ ስለነጠፈ የያዛት የላም ወተት ነው። ወተት ሻጯ ደግሞ ዱቤ የሚባል አታውቅም። እሷስ ምን ታድርግ፣ የራሷ ልጆች አሏት።

ታዲያ የብሌንን ወተት የሚችለው ማን ይመስላችኋል? መንግሥት እንዳትሉኝ። ጫት ነው! ሶፊ ውስጥ እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ነው። አቶ ጀይላን የሚባሉ ገበሬ፣ ኤርሚያስ ተራራውን ሊያይ በሄደ ቁጥር አንድ ዙርባ ጫት ያስይዙታል። እሱ አይቅምም። መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ሽማግሌውን አስቀይሟቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ እየተቀበለ ያመጣል፣ እኔ ሸዋ በር ጫት ለምትቸረችረው ለአይሻ እሰጣታለሁ፣ በምትሰጠኝ ብር ወተት እገዛለሁ። ገበሬውን «ጫቱን ተዉና ዛፍ ትከሉ» እያለ የሚመክር ሰው ልጁን በጫት ያሳድጋል። ስቀልድበት ይስቅ ነበር። ኋላ ኋላ መሳቁን ተወ።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ባዶ እጁን መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን ሆነሃል ብዬ ስጨቀጭቀው ነገረኝ። የተራራው ጀርባ ገደል ስለሆነ ሁልጊዜ ከፊት ለፊት አይቶ ነበር የሚመለሰው። ያን ቀን ዞሮ ወጣ። የተከለው የወይራ ችግኝ ተነቅሎ ቦታው ጫት በጫት ሆኗል፤ ያውም ብዙ ጊዜ የተቆረጠለት ጫት። አቶ ጀይላንን ሲጠይቃቸው አልካዱም። እንዲያውም ገርሟቸው፣ «ልጄ፣ እስከ ዛሬ የምትወስደው ዙርባ ከየት የሚቆረጥ መስሎህ ነው?» አሉት። ለካስ ዙርባውን ሲቀበል፣ አውቆ የተዋቸው መስሏቸው ኖሯል።

ሪፖርት ሊያደርግ እንደሆነ ሲነግረኝ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እንቢ ሲለኝ አፌን ከፈትኩበት፤ እንግዲያው ወይራህ ወተት ያጠጣት አልኩት። አንጀቴ በግኖ ነበር፣ ዛሬም አልበረደልኝም። እሱ ግን በነጋታው ቢሮ ገብቶ ተናገረ። ጫቱ እሱ ባለበት ተነቀለ። ስብሰባ ላይ አጨበጨቡለት። ደመወዙ ላይ ግን ሰባራ ሳንቲም አልተጨመረም።

ለብሌን አጥሚት ማጠጣት ጀመርኩ። ወተት ሻጯ በደጃችን እየተጣራች ስታልፍ ልጄ ድምፅዋን ለይታ ታለቅሳለች። ይሄን ነው ያልቻልኩት። ልጄን ለጎረቤቴ ለሰልማ ትቼ በእግሬ ሶፊ ወረድኩ።

በዱላ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። አቶ ጀይላን ግን የማን ሚስት እንደሆንኩ ስነግራቸው ጥላ ስር አስቀምጠው ውሃ አሰጡኝ። ዙርባ አልለመንኩም። ሥራ ስጡኝ አልኳቸው። ግቢው ውስጥ ሴቶች ከሽማግሌው የራሳቸው ማሳ የተቆረጠውን ጫት እየለዩ ያስራሉ።

«ባልሽ እንጀራውን ነው የጠበቀ» አሉኝ። «እኔም ወላሂ የኔን ነው የፈለግኩት። ሪዝቅ፣ እንጀራችን፣ ከአላህ ነው፣ ተቀመጪና እሠሪ።»

ተቀመጥኩ። ጣቴ እስኪላጥ ሳስር ዋልኩ፤ ሲመሽ የቀኔን ሂሳብ ሰጡኝ።

ኤርሚያስ ሲገባ ብሌን ወተቷን ይዛ ነበር። ከየት መጣ አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ነገርኩት፤ ቢቆጣ የምመልሰውን መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። አልተቆጣም። በቀን ስንት ይከፍላሉ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የራሱን ደመወዝ ለወሩ ቀናት ሲያካፍል አየሁት። የእኔ ይበልጥ ነበር፤ ሁለታችንም አወቅን።

«አስቴር» አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድ ሠራተኛስ ይፈልጋሉ?»