የጃርቮን ጆሮ

ጃርቮን ራፐሮች የሚዘፍኑበትን ሙዚቃ፣ ቢት፣ ሲሠራ በኮምፒውተሩ ላይ የድምፁን መጠን የሚያሳየውን መስመር በፕላስተር ይሸፍነዋል። «ባለሙያ በጆሮው ነው የሚሠራው» ይላል። ጆሮውም ከግንቦት ጀምሮ መልካም ዜና ሲነግረው ከርሟል፤ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ሳምንት በሳምንት ይበልጥ እየሻከረና እያጓራ መጣ። ኮምፒውተሩ ያው ነው፣ በጥቁር ጨርቅ የሸፈነው ስፒከርም ያው ነው። ስለዚህ የተለወጠው የእኔ ችሎታ ነው ብሎ ደመደመ።

አክስቱ ሎሬታ ግን ከኩሽና ብቅ ብላ፣ «አንተ ልጅ፣ ያ ነገር ታሟል እኮ» ትለዋለች።

«አክስቴ፣ ትራፕ የሚባለው ራፕ እንዲህ ሲያጓራ ነው የሚያምረው።»

«ልብስ ማጠቢያዬም ሊሞት ሲል እንዲህ ነበር የዘፈነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ኦዴል ቀጠረው። ኦዴል በከተማቸው በፖምፓኖ ስም ያለው ራፐር ነው፤ አልበሙን ለመጨረስ አንድ ዘፈን ቀርቶታል። ቢቱን ከወደደው የጃርቮን ስም አልበሙ ላይ ይወጣል። ጃርቮን ሦስት ዓመት የደከመው ለዚህ ነው።

በሰፈሩ ቢት የሚፈተነው መኪና ውስጥ ነው፤ መስኮት ተዘግቶ የኋላ ታርጋው ካልተንቀጠቀጠ ቢቱ ፈተናውን ወደቀ ማለት ነው። ኦዴል የዶሮ ክንፍ እየጋጠ ጠበቀው።

«መኪናህን ብሰብርብህ እንዳትቀየመኝ» አለ ጃርቮን።

እንደ ማንኛውም ቢት ሠሪ መግቢያው ላይ የራሱን ድምፅ አስገብቷል፤ «ጃርቮን አበደ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ቤዙ ገባ፤ ንጹሕ፣ ክብ፣ እንደ ትራስ የለሰለሰ። ታርጋው ንቅንቅ አላለም።

ኦዴል ማኘኩን አቆመ። «ወንድሜ፣ የጥርስ ሐኪም ጋ ተራ ስጠብቅ የሚከፍቱት ይሄን ነው።»

ከኋላ የተቀመጠው የኦዴል ጓደኛ፣ «አበድኩ አላለም እንዴ? መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ።

«የመኪናው ስፒከር ነው!» አለ ጃርቮን።

ኦዴል የሌላ ሰው ቢት ከፈተ። ታርጋው ተንጫጫ። «እስከ ነገ ቀትር ጊዜ አለህ» አለው።

ጃርቮን እቤት ገብቶ ጥቁሩን ጨርቅ ገለጠ። ስፒከሩ ከጠርዙ እስከ መሃሉ ተቀዷል፤ ሦስት ጣት ያስገባል። የሁለት ወር እድገቱ ያ ነበር።

ቤዙን በኮምፒውተር ሊያሻክረው ሞከረ፤ እንደ ትንኝ ጢዝ ከማለት አላለፈም። በመጨረሻ ስልኩን በተቀደደው ስፒከር ፊት አቁሞ፣ ድምፁን ጥግ ድረስ ለቆ ቀዳው፤ መልሶ ሳያዳምጥ ላከው።

ኦዴል ወዲያው ደወለ። «አሁን ገና ሰው ሆንክ! ታርጋው ወልቆ ወደቀ እኮ! ግን ያቺን ሴት ከየት አመጣሃት?»

«የትኛዋን ሴት?»

«መሃል ላይ 'አጥፋው፣ ግድግዳዬን አፈረስከው!' የምትለዋን። ያንተን ጩኸት አውጣና እሷን መግቢያ ላይ አድርጋት። አልበሙ ላይም የእሷ ስም ይቅደም፤ ያበደችው እሷ ናት።»

ጃርቮን ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ ኩሽና ሄደ። «አክስቴ፣ እባክሽ አንዴ ተቆጪኝ።»

ሎሬታ እጇን በፎጣ አደራረቀች። «ለምን ብዬ? ዛሬ ደስ ብሎኛል።»