መርዶ በመላዝ

በመጋቢት መጨረሻ ሪያድ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበና በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባራ። የዚያን ቀን የአብዱሰላም ስልክ ዕረፍት አልነበረውም። አብዱሰላም የወሎ ሰው ነው፤ መንፉሐ ሰፈር ካለችው ጠባብ ወርሻው፣ ከጥገና ሱቁ፣ እየተነሳ የሰው ቤት ፓምፕ ሲጠግን አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚጠሩት ለበድሩም ነው፤ ከመሬት በታች ላለው ክፍል። እዚያ ጥግ ላይ ጉድጓድ አለ፤ የሰረገው ውሃ ይጠራቀምበትና ፓምፑ ስቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ፓምፑ ከቆመ ግን ጉድጓዱ ሞልቶ ክፍሉ ውስጥ ይፈሳል።

ከደዋዮቹ አንዷ መላዝ ሰፈር የሚኖሩ ኡሙ ቱርኪ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። «ያላ ልጄ፣ ቶሎ ድረስ። የሠራተኛዬ ክፍል ውሃ ገብቶበታል» አሉት በዐረብኛ።

በሩን የከፈተችለት ሠራተኛዋ ነበረች። አፊፋ ትባላለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጉጣለች፣ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ከንጋት ጀምራ በባልዲ ስትቀዳ እንደቆየች ከአተነፋፈሷ ያስታውቃል። ወደ ታች ይዛው ወረደች። ውሃው ቁርጭምጭሚት ያልፋል። ፍራሿን ጠረጴዛ ላይ አውጥታዋለች፤ ሻንጣዋ ግን አልተረፈም፣ ልብሱ ሁሉ ደረጃው ላይ ተዘርግቶ ይንጠባጠባል።

አብዱሰላም መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ። ከዚያ ከላይኛው ቤት ገመድ ስቦ ትንሿን ተንቀሳቃሽ ፓምፕ አስነሳና ውሃውን በጎማ ወደ ግቢው ያፈሰው ጀመር። ወለሉ መታየት ሲጀምር ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ የሞተውን ፓምፕ በገመዱ ጎተተው።

«እስቲ ባትሪውን ወዲህ አርጊልኝ እህቴ» አላት።

አነጋገሩን ሰምታ ባትሪውን በፓምፑ ፈንታ ፊቱ ላይ አበራችው። «የወሎ ሰው ነህ ልበል?»

«የሐርቡ ነኝ።»

«ወላሂ በል! ከሐርቡ የት?»

«ከገበያው በላይ፣ ምንጩ ጋ።»

«እኔኮ ከምንጩ ማዶ ነኝ! የዘምዘም ልጅ፣ የነስሩ እህት!»

የአብዱሰላም እጅ ፓምፑ ላይ ቀረ። ነስሩን ያውቀዋል። አብዱሰላም ራሱ ኅዳር ላይ ለዕረፍት ሀገር ቤት የገባ ሳምንት እማማ ዘምዘም አረፉ፤ መቃብራቸውን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር። አላህ ይርሐማቸው ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው።

«መጨረሻ ሀገር ቤት የሄድከው መቼ ነው? እናቴን አይተሃታል? ጉሮሮዋን ታማብኛለች እኮ! ሐኪሙ መናገር ከልክሏት አራት ወር ሆናት። በየጁምዓው እደውላለሁ፤ ነስሩ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያደርግላታል። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ራሷን እየነቀነቀች ነው ይለኛል።»

አብዱሰላም ወደ ፓምፑ አጎነበሰ። ለቅሶው ላይ አንድ ሰው «የሪያዷ ልጅ አልሰማችም» ሲል ጆሮው ጥልቅ ብሎበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይነግሯታል ብሎ ነው የረሳው። መርዶ ደግሞ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር አንኳክቶ፣ የምትወድቀውን የሚይዝ ክንድ አዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እዚህ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እጁም እስከ ክርኑ ጭቃ ነው።

«አየኋት» አለ ቀና ሳይል።

«እንዴት ነች?»

«ተኝታ ነው ያየኋት።»

«ታማለች ማለት ነው። በጣም ያማታል?»

«አይ» አለ። «አያማትም።»

አፊፋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲያ አላቆመችም። ሰባት ዓመት ሙሉ የሀገሯን ሰው ፊት ለፊት አግኝታ አታውቅም፤ ከዚህ ግቢ የምትወጣው ከአሮጊቷ ጋር ሆስፒታል ስትሄድ ብቻ ነው። ስለ ምንጩ ጠየቀችው፣ ስለ ጎረቤቶቿ ጠየቀችው። ለእናቷ የገዛችውን ወፍራም ሻል ከእርጥቡ ልብስ መሃል አውጥታ ጨመቀችና «ሰው ሲሄድ ታደርስልኛለህ፣ ጉሮሮዋን ታሙቅበት» አለችው። አብዱሰላም እሺ ብሎ ሻሉን ተቀበላት።

ፓምፑን ፈታው። ከሥሩ ያለው መዘውር በፀጉርና በክር ተተብትቧል፤ በቢላዋ ቆርጦ አጸዳውና ገመዱን ሰካው። ፓምፑ አጓራ፣ ትንሽ ዞረ፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ ሸተተ። ውሃ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል።

«ኸላስ፣ ይሄ አይድንም። ትንሿን ልተውላችሁና ነገ አዲስ ይዤ እመጣለሁ» አላት።

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን እንደዘጋ ለነስሩ ደወለ።

«እህትህን አገኘኋት። እናቷ በሕይወት ያለች መስሏት ሻል ሰጠችኝ። ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ማን ይንገራት?» አለ ነስሩ። «በሰው ሀገር፣ በሰው ቤት፣ ለብቻዋ። ብትጮህ ማን ይሰማታል? ራሷን ብታጠፋስ? ዛሬ ነገ ስል ነው እዚህ የደረስኩት። አሁን ከውሸቴ እንዴት ብዬ ልመለስ?»

«እኔንም ዋሾ አደረግኸኝ።»

«እንግዲያው አንተ ንገራት፣ ወንድሜ። አንተ እዚያው ነህ። እኔ አልችልም።» ማልቀስ ጀመረ።

በማግስቱ አብዱሰላም አዲሱን ፓምፕ ይዞ ሲመጣ ወደ በድሩሙ አልወረደም። መጀመሪያ ኡሙ ቱርኪን አናገራቸው። መርዶውን አብረውት የሚነግሩ የወሎ ሴቶችን ከመንፉሐ ማምጣት ፈልጎ ነበር፤ ግን አሮጊቷ የማያውቋቸውን ሰዎች ቤታቸው እንዴት ያስገቡለታል? ሁሉንም ነገራቸው። አሮጊቷ «ኢና ሊላህ» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አራት ወር?»

«አራት ወር።»

«ጁምዓ ጁምዓ ሳቋ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር» አሉ። ከዚያ «ሥራህን ጨርስ፤ ከዚያ እኔም እወርዳለሁ። ለብቻህ አትንገራት» አሉት።

አፊፋ ታች ወለሉን አጥባ ጠበቀችው። ባትሪውን ያዘችለት። አብዱሰላም የጉድጓዱን ጭቃ በባልዲ አወጣ፣ ከታች ጡብ አነጠፈ፣ ፓምፑን አስቀመጠ። የወጣው ውሃ ተመልሶ እንዳይገባ የሚያግደው ክዳን አርጅቶ ነበርና እሱንም ቀየረው። ውሃው ከፍ ሲል ፓምፑን የሚያስነሳውን ተንሳፋፊ ከግድግዳው እንዳይነካ አድርጎ አሰረው። ሁለት ባልዲ ውሃ ጨመረ፤ ፓምፑ ተነሳ፣ ጠጣው፣ ቆመ። ሌላ ሁለት ባልዲ ጨመረ። የጠበቀውን ብሎን እንደገና አጠበቀው። የሚሠራው ሲያጣ መፍቻውን ጨርቅ ላይ አስቀመጠ።

ኡሙ ቱርኪ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በሌላው ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃውን እየቆጠሩ ወረዱ። አፊፋ ደነገጠች። አሮጊቷ እዚህ ክፍል ወርደው አያውቁም። «ምን ሆኑ እማማ?» ብላ ልትደግፋቸው ሄደች፤ እሳቸው ግን እጇን ያዙና አልለቀቋትም።

«አፊፋ» አላት አብዱሰላም። «ትላንት እናትሽን ተኝታ አየኋት ብዬሽ ነበር። ያየኋት ስንቀብራት ነው። አላህ ይርሐማት። ኅዳር ላይ።»

አፊፋ ፈገግ አለች፤ እንዳልሰማ ሰው። «አይ፣ ተሳስተህ ነው። በቀደም ጁምዓ አውርቻታለሁ።»

«አፊፋ፣ እህቴ...»

«አውርቻታለሁ አልኩህ! ትንፋሿን ሰምቻለሁ!»

«ነስሩ ነው» አለ አብዱሰላም። «የነስሩ ትንፋሽ ነው።»

ቀስ እያለ ገባት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ጁምዓዎቹን የምትቆጥር ይመስል ነበር። ከዚያ ወደቀች። አሮጊቷ ሊይዟት አልቻሉም፤ አብረዋት እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጡና ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ ያዙ። አፊፋ «እናቴ! እናቴዋ!» እያለች ጮኸች። ኡሙ ቱርኪ አማርኛ አያውቁም፤ እሳቸውም በዐረብኛ እያጉተመተሙ አለቀሱ።

ጩኸቱ ሲደክማት ቀና ብላ አየችው። «ማን አጠባት?»

«የአጎትሽ ሚስትና ጎረቤቶቿ።»

«የት አደረጋችኋት?»

«ከአባትሽ ጎን። አፈሩ ጠጣር ነበር፤ ተፈራርቀን ቆፈርን። ሰው ብዙ ነበር። ከማዶ ሳይቀር መጥቶ ነበር።»

«ታማ ነበር?»

«ሁለት ቀን ብቻ ነው ያሉኝ።»

«ስሜን ጠርታለች?»

አብዱሰላም ይሄን አያውቅም። አዎ ቢላት ደስ ይላት ነበር። «አላውቅም» አላት። «እሱን አልሰማሁም።»

«ትላንት አያማትም ስትለኝ» አለች አፊፋ፣ «አራት ወር ሙሉ ተኝቼ የማላውቀውን እንቅልፍ ነበር የተኛሁት። ሂድልኝ።»

መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

በጁምዓው ኡሙ ቱርኪ ለለቅሶው ግቢያቸውን ከፈቱ። አብዱሰላም ከመንፉሐና ከመንሱራ ሰፈር ሰባት የወሎ ሴቶችን በፒካፑ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አመጣ። እሱ ከውጭ ቀረ፤ ከአጥሩ ወዲያ ለቅሶው ሲነሳ፣ ሲበርድ፣ እንደገና ሲነሳ መሪውን ይዞ ሰማ። ነስሩ ሦስት ጊዜ ደወለለት። «ስልኬን አታነሳም» ይላል። አብዱሰላም «ተዋት» አለው።

ወደ ዐስር ሶላት ላይ ከሴቶቹ አንዷ፣ ነስሪን፣ ዓይኗ አብጦ ወጣች።

«ትንሽ ቀምሳለች» አለችው። «ሴትዮዋ በእጃቸው አጎረሷት።»

«ስለ እኔ ያለችው ነገር አለ?»

ነስሪን ጫማዋን አየች። «የለም ወንድሜ። አንተን አላነሳችም።»

አብዱሰላም ወርዶ ለሴቶቹ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ። በመጀመሪያው ዙር የሚሄዱት አንድ በአንድ ገቡ። እሱም መኪናውን አስነስቶ ወደ መንፉሐ ነዳ።