እንጨቱ የሚታይ ግድግዳ

የፀዲ ግድግዳ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰነጠቀ።

አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ያለው ጋራዣቸው ውስጥ ያቆመችው የአርክቴክቸር መመረቂያ ሥራዋ ነው። እንግሊዝ አገር፣ አንዲት መንደር ውስጥ፣ የጨርቅ ነጋዴዎች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ያሠሩት የማኅበር አዳራሽ አለ፤ የእሱን አንድ ጎን ግድግዳ በልኩ ሠርታ ማሳየት አለባት። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ፕሮፌሰሩ መጥቶ ያየዋል። ካልሆነ ምርቃት የለም።

እናቷ አመለወርቅ ስንጥቁን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው።

«ጭቃሽ አልቦካም።»

«ማሚ፣ ሬሲፒው ላይ እንዳለው ሜዠር አድርጌ ነው።»

«ኬክ ነው እንዴ? ጭዱም አንሶታል።»

«ፕሊስ፣ አትንኪው!»

አመለወርቅ ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። ጭቃ ግን ታውቃለች፤ ደብረ ብርሃን የአባቷን ቤት ስትመርግ ነው ያደገችው። ግድግዳው መጀመሪያ የተሰነጠቀ ዕለት ጓሮ ሸራ ሥር ጭቃና ጭድ ደብቃ ማብላላት ጀምራ ነበር። ማክሰኞ ፀዲ ኦክላንድ ትምህርቷ ስትሄድ፣ አመለወርቅ ኩፐርቲኖ ወዳለው የጽዳት ሥራዋ ደውላ አሞኛል አለች። ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባች።

የተሰነጠቀውን አራገፈች፤ አዲሱን ማገሩ ላይ በእጇ እየመታች ለጠፈች። ፀዲ ገልጣ የተወቻቸው ቋሚዎች ጋ ስትደርስም አልቆመችም። እንጨቱ ያፈጠጠ ቤት ያላለቀ ቤት ነው፤ ሰው ምን ይላል? ሁሉንም ሸፍና፣ በመዳፏ አለስልሳ ጨረሰች።

ፀዲ ስትመጣ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«ማሚ! እንጨቴስ?»

«ውስጥ አለ፤ የት ይሄዳል?»

«መታየት አለበት እኮ! ሀብታቸውን የሚያሳዩት በእሱ ነው። ቋሚው በበዛና በተጠጋጋ ቁጥር ሪች ናቸው ማለት ነው!»

«ሀብታም ሰው እንጨቱን አስጥቶ?»

«የስ!»

ፀዲ የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አመለወርቅ ይቅርታ አላለችም። ባልዲና ጨርቅ አመጣች።

«ገና እርጥብ ነው። ተነሺ፣ ከዚያ ጫፍ ጀምሪ።»

አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቢሮ ስትወለውል የኖረች እጅ ናት፤ እንጨቱ አንድ በአንድ ብቅ አለ። የመጨረሻው ቋሚ ጋ ሲደርሱ አመለወርቅ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለች።

«ይሄን አልነካም። አንዱ እንኳ እንደ ሰው ቤት ይሁን።»

ፀዲ ለመጨቃጨቅ አቅም አልነበራትም፤ ተወችው።

ሐሙስ ፕሮፌሰሩ በባትሪ እያበራ ዞረው። አንድም ስንጥቅ የለም። የተሸፈነው ቋሚ ጋ ቆመና ጠየቀ። ፀዲ ምክንያት መፍጠር አልቻለችም፤ እናቴ ናት የመረገችው አለችው። ሰውየው ሳቀ፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ተናገረና ወረቀቷ ላይ ፈረመ።

«ምን አለ?» አለች አመለወርቅ።

«አልፈሻል አለኝ። ደግሞ ብዙዎቹ አዳራሾች ኋላ ላይ ተለስነው፣ ረጅም ዘመን ተሸፍነው ነው የኖሩት። እንጨቱን መልሰው የገለጡት በቅርብ ነው አለ።»

አመለወርቅ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«አየሽ? ያን ሁሉ በከንቱ አስወለወልሽኝ!»